ሦስቱ አሮዋናዎችና የመኝታ ቤቴ ቁልፍ

በእናቴ እቀናለሁ። ያውም በዓሣ የተነሳ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አሰላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ነኝ፤ አዲስ የተቀጠሩት ልጆች አንቱ ይሉኛል። እንዲህ ያለች ሴት በዓሣ ምክንያት በእናቷ ትቀናለች ቢባል ማን ያምናል? ስለዚህ እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ዓሦቹን የገዛኋቸው አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄጄ ነው። ካረፍኩበት ሆቴል አጠገብ የዓሣና የወፍ መሸጫ ነበር። ሻጩ ርዝመታቸው ከትንሿ ጣቴ የማይበልጥ ሦስት ጫጩቶች አሳየኝ። «አሮዋና ይባላሉ» አለ። ከሆዳቸው ሥር ብርቱካንማ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ይዘውት የተፈለፈሉት አስኳል ነው፤ እሱ ተመጥጦ እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ምግብ አይፈልጉም። እንቁላሉን በአፉ ይዞ የሚፈለፍለው አባትየው እንደሆነ፣ ከተፈለፈሉም በኋላ አፉ ውስጥ እንደሚያኖራቸው፣ ያን ሁሉ ጊዜም ምግብ እንደማይቀምስ ነገረኝ። ሲያድጉ ከክንድ በላይ እንደሚረዝሙም ነገረኝ። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ወሬ የያዝኩት አንዱን ብቻ ነው። «ባለቤታቸውን ለይተው ያውቃሉ» አለ።

እኔን ለይቶ የሚያውቅ ነገር አማረኝ። ባልም ልጅም የለኝም፤ ይህን የምለው እዘኑልኝ ብዬ አይደለም። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው፤ እናቴን ደግሞ ከተማው በሙሉ ያውቃታል። ዕድሜዋን ሙሉ ገብስ ስትነግድ የኖረች ሴት ናት። ከእሷ ጋር ወደ ገበያ መሄድ ማለት በየሁለት እርምጃው መቆም ማለት ነው፤ ባለጋሪው ያስቆማታል፣ ባለባጃጁ ያስቆማታል፣ ከሁሉም ጋር በአማርኛም በኦሮምኛም ትሳሳቃለች። እኔ አጠገቧ የምቆመው «የእሷ ልጅ» ሆኜ ነው። ስሜን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ጫጩቶቹን በውሃና በአየር በተሞላ ላስቲክ ውስጥ፣ ከጃኬቴ ሥር ደረቴ ላይ አቅፌ አሰላ ድረስ አመጣኋቸው። እነዚህ ፍጥረታት ለብ ያለ ውሃ ነው የሚፈልጉት፤ የአሰላ ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው። ሳሎን ውስጥ የመስታወት ገንዳ ተከልኩ፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያና የአየር መንፊያ አስገባሁበት፤ መዝለል ስለሚወዱ ክዳን አሠራሁለት። እናቴ በርጩማዋን ሳብ አድርጋ ፊቷን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

«ሆዳቸው ተነፍቷል» አለች።

«አስኳል ነው እማዬ። ምግባቸው ነው።» ስለ አባትየውም ነገርኳት።

«እንዲህ ያለ አባትም አለ ለካ!» ብላ ሳቀች። አባቴን አላውቀውም። በቤታችን ስለ እሱ ከተባለው ሁሉ ይህ ሳይረዝም አይቀርም።

በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ገንዳው ላይ የቅባት ዓይን ተንሳፍፎ አገኘሁ። «ምን ጨመርሽበት?» ብላት «ቅቤ አቀመስኳቸው» አለችኝ፣ ምንም ሳታፍር። አራስ ልጅን በጣት ጫፍ ለጋ ቅቤ ማስዋጥ በእኛ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። «አንጀታቸው ይለስልስ ብዬ ነው። አንቺም እሱን ውጠሽ ነው ያደግሽው።» ቅባቱን በወረቀት እየገፈፍኩ ከእሷ ጋር ስስቅ አመሸሁ። እንዳልተቆጣኋት ልብ በሉልኝ።

ችግሩ የመጣው ቆይቶ ነው። እናቴ ንግዱን ከተወች ወዲህ ቀኑን ሙሉ ቤት ናት። ምስሯን ይዛ ገንዳው ፊት ተቀምጣ ትለቅማለች፤ እየለቀመች ታወራቸዋለች። ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ «ኮቱ፣ ኮቱ» ትላቸዋለች፤ በኦሮምኛ ነይ፣ ና ማለት ነው። ሦስቱም አስኳላቸውን እየጎተቱ ጣቷን ይከተላሉ። ወደ ቀኝ ስትወስደው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስትወስደው ወደ ግራ። እኔ ከሥራ መጥቼ ጎንበስ ስል ግን ተያይዘው ጥግ ይገባሉ። ጥቁር ካፖርቴን ፈርተው ይሆናል ብዬ ካፖርት ቀየርኩ። አልረዳኝም።

እናቴ በልጅነቴ አጠገቤ እንዲህ ተቀምጣ አታውቅም። የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ የምትሄደው ገበያ ጎበሳ ነበር። ጎሕ ሲቀድ በጭነት መኪና ትሄዳለች፤ እኔን የሚይዝ ሰው ስለሌለ ዳቦና ወተት አስቀምጣልኝ በሩን ከውጭ ትቆልፍብኛለች። አጠገባችን አንዲት ሙስሊም ሴት ነበረች። የራሷን ሥራ ደጃፋችን ላይ ይዛ ትመጣና በበሩ ስንጥቅ ስታወራኝ ትውላለች። ኦሮምኛ የተማርኩት ከእሷ ነው፤ የመጀመሪያው የኦሮምኛ ቃሌም «ኮቱ» ነበር። እንዲህ ስትለኝ እየሮጥኩ እመጣለሁ፤ እሷም ጣቷን ከበሩ ሥር ታስገባልኛለች፤ እሱን ይዤ እቀመጣለሁ። አምስት ዓመት ሲሆነኝ ጣሪያው ያፈሳል ተብሎ ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ተዛወርን። ሴትዮዋን ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። ስንት ቀን እንዳለቀስኩ አላስታውስም፤ እንዳለቀስኩ ግን አስታውሳለሁ። በእናቴ ላይ ይዤባት የኖርኩት ያንን የተቆለፈ በር ነው። አሁን በርጩማዋን ስባ ለሦስት ዓሣ ቀኑን ሙሉ ስትቀመጥ ሳያት፣ ዓሦቹ እኔን ትተው ወደ እሷ በመሄዳቸው ልቅና ወይስ እሷ እኔን ትታ ወደ ዓሦቹ በመሄዷ፣ መለየት አቃተኝ። በሁለቱም ቀናሁ።

አስኳሉ አልቆ ሆዳቸው የገጠመ ዕለት ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን ደረቅ መኖ በተንኩላቸው። ዘወር ብለውም አላዩት፤ ወርዶ ወለሉ ላይ ተኛ። እናቴ ምንም ሳትናገር ወደ ጓሮ ወጣች፤ ከጎመኑ መሃል ሁለት ሦስት ደቃቅ ፌንጣ ይዛ መጣች። እግራቸውን ነቅላ አንዱን በጣቷ ይዛ ውሃው ፊት ላይ አስጠጋችው። «ኮቱ» አለች። ትልቁ ከሥር ተስፈንጥሮ ከጣቷ ላይ ነጠቃት። ሁለቱም ተከተሉት።

«ስጪኝ እኔ ልሞክር» አልኳት። ፌንጣው ያው፣ ቃሉም ያው፣ ውሃውም ያው ነው። ሦስቱም ከማሞቂያው ኋላ ገብተው ተሸጎጡ። እናቴ እስክታነባ ሳቀች። «እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ እሱን ፈርተው ነው» አለችኝ። ደሜ ፈላ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ውሃውን በባልዲ ቀንሼ ገንዳውን ወደ መኝታ ቤቴ አስገባሁ። እናቴ ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ቅቤሽን አልረሳሁትም፤ ደግሞ ምን ታቀምሻቸው ይሆን?» አልኳት። ያ ስቄ ያለፍኩት ቅቤ መሆኑ ነው! «መብራት ቢጠፋስ?» አለችኝ። እስከዚያ ድረስ መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ ገንዳው ውስጥ እያንሳፈፈች፣ ዙሪያውን በጋቢ እየጠቀለለች ያተረፈቻቸው እሷ ነበረች። «እኔ አለሁ» አልኳት። ወደ ሥራ ስሄድ በሬን ቆልፌ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ መያዝ ጀመርኩ።

ሌላ ሰው ሲያጡ ከእኔ እጅ መብላት ጀመሩ። ደስ አለኝ፤ ደስታው ግን እንደጠበቅኩት አልሆነም። እናቴ ማታ ማታ «በሉ?» ትለኛለች፤ «በሉ» ብቻ ብያት አልፋለሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ለአንድ ቀን ሥልጠና ኦጎልቾ ተላክሁ። ኦጎልቾ ቆላ ነው፤ ከአሰላ ለብሼው የወረድኩትን ሹራብ ገና ከረፋዱ አወለቅኩት። በሙቀቱ ውስጥ ተቀምጬ ስልኬን ባየው እናቴ ሦስት ጊዜ ደውላለች። ቁልፉን የት አደረግሽው ልትለኝ ነው ብዬ ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። ትንሽ ትለምነኝ አልኩ በልቤ። እንዲያውም ደስ እያለኝ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ። እናቴ በርጩማዋን ወስዳ መኝታ ቤቴ በር ሥር ተቀምጣለች። ጉልበቷ ላይ ጋቢ አለ፤ በጋቢው የተጠቀለሉ ሙቅ ውሃ የያዙ ጠርሙሶች አሉ። አፏን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠግታ ታወራለች።

«ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ መብራት የለም» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። «ውሃውን በከሰል አራቴ አሞቅኩት፤ እየቀዘቀዘ አስቸገረኝ።»

ቁልፉን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ስከፍተው ሁለቱ በጎናቸው ተንሳፍፈዋል። ሦስተኛው ጥግ ላይ ቆሞ አልፎ አልፎ አፉን ይከፍታል። ውሃው በረዶ ሆኖ ነበር። እናቴ ገፋ አድርጋኝ ገባች፤ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አንሳፈፈች፣ ገንዳውን ጋቢ አለበሰችው፤ ከዚያ በኩባያ ውሃውን እየቀዳች ከፍ አድርጋ መልሳ ማፍሰስ ጀመረች፤ አየር እንዲያገኝ ነው። እኔ ሹራቤን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።

«በሩን ለምን አላሰበርሽውም?»

«ክፍልሽ ነው።» ቀዳች፣ አፈሰሰች። «ውጭ ሰው እንዳለ ይወቁ ብዬ ስጠራቸው ዋልኩ።»

«እንደዚያች ጎረቤታችን» አልኳት። ክፉ ልናገራት ፈልጌ ነበር።

ኩባያው ቆመ። «ታስታውሻታለሽ?»

«ጣቷን አስታውሳለሁ።»

እናቴ ዓሣውን እያየች ነበር፤ እኔን አላየችኝም። «ከጎበሳ አቧራ ለብሼ እመጣለሁ» አለች። «ቀኑን ሙሉ ሳስብሽ ውዬ ነው የምመጣው። በሩን ስከፍተው በእግሬ መሃል ሾልከሽ ወደ እሷ ቤት ትሮጫለሽ። አንድ ቀን እሷን እማ ብለሽ ጠራሻት። እሷ አፍራ፣ ወደ እኔ እያሳየች እናትሽ እሷ ናት አለችሽ። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ኩባያውን እንደገና ሞላች።

«የዚያ ቤት ጣሪያ አያፈስም ነበር» አለች።

ሌላ ኩባያ አምጥቼ በወዲያኛው በኩል ቆምኩና እኔም መቅዳት ጀመርኩ። መብራቱ እስኪመጣ ድረስ ስንቀዳና ስናፈስ ቆየን።

ሁለቱን ጎመኑ ሥር ቀበርኳቸው። ሦስተኛው ተርፎ አሁን ከስንዝር በላይ ሆኗል። ገንዳው ወደ ሳሎን ተመልሷል፤ የመኝታ ቤቴ ቁልፍም ክዳኑ ላይ ተቀምጧል። ከሥራ ስመለስ እኔም በርጩማ ስቤ ከእናቴ አጠገብ እቀመጣለሁ። ትናንት ሁለታችንም ጣታችንን መስታወቱ ላይ አድርገን ጠራነው። ወደ እሷ ሄደ።