ባዶ ብዬ የፈረምኩበት ሜዳ

ሰው ሁሉ ቀያሽ መሬት ያውቃል ይላል። አያውቅም። ቀያሽ የሚያውቀው በሁለት ችካል መካከል ያለውን ርቀት ነው። መሬቱን የሚያውቀው የመለኪያ ዘንግ ያዡ ነው፤ የእሱ ስም ደግሞ ካርታ ላይ አይጻፍም።

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ከቱም ከተማ በላይ ባለው ገላጣ ሜዳ ላይ ነበር። ዛፍ የለም፤ ሣር፣ ነፋስና ጉም ብቻ። ከሚዛን ተፈሪ በጭነት መኪና ይዘን የወጣነው ቴዎዶላይት የሚባል የቅየሳ መሣሪያ፣ ሜትር፣ አንድ ጆንያ ችካልና ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም ዘንግ ነው። እኔ ረዳት ቀያሽ ነበርኩ፤ ከአለቃችን በታች፣ ከዘንግ ያዡ ከአቶ ማርቆስ በላይ። በወረቀት ማለቴ ነው።

አቶ ማርቆስ የዚያው አገር ሰው ናቸው። አማርኛ የተማሩት ካደጉ በኋላ፣ ገበያ ላይ ነው። "እሺ ኢንጂነር" ይሉኛል። ኢንጂነር አይደለሁም ብዬ ሁለት ጊዜ አረምኳቸው።

"ትሆናለህ" አሉኝና በዚያው ቀጠሉ።

ሰባተኛው ነጥብ ላይ ሥራው ቆመ። ነጥቡ ሣር የለበሰ ጉብታ ነበር፤ ድንጋይ ከሥሩ ብቅ ብቅ ይላል። አቶ ማርቆስ ዘንጉን አናቱ ላይ ማቆም ሲገባቸው ግርጌው ላይ አቆሙት። አለቃችን በመሣሪያው ከዘንጉ ላይ ያዩትን ቁጥር፣ ንባቡን፣ ጠርተው፣ እኔም ደብተሬ ላይ ከመዘገብኩ በኋላ ነው ያየሁት።

"ወደ ላይ፣ አቶ ማርቆስ!"

አልተንቀሳቀሱም። አጠገባቸው ድረስ ሄድኩ።

"እዚህ ሰው አለ" አሉኝ።

ዙሪያዬን ቃኘሁ። ከእኛ በቀር ማንም የለም። በእኛ ሥራ ግን "ሰው አለ" ከተባለ ባለይዞታ አለ ማለት ነው፤ ስሙ ቅጹ ላይ ይሞላል። እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

"ስሙ ማን ነው?"

"አላውቅም። አባቴም አያውቅም።"

"ቤቱስ?"

"ይኸው።" ጉብታውን አሳዩኝ።

አለቃችን ከመሣሪያው አጠገብ ሆነው ምን እንደገጠመን ጮኸው ጠየቁ። ነገርኳቸው፤ ሳቁ። "ስምም ቤትም የሌለው ምን ዓይነት ባለይዞታ ነው? ባዶ በለውና ውጣበት፣ ጉም እየመጣ ነው!"

ዘንጉን ከአቶ ማርቆስ እጅ ወስጄ አናቱ ላይ ወጣሁ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ነፋሱን የሸሹ መሰለኝ። የግርጌውን ንባብ በአንድ መስመር ሰረዝኩትና የአናቱን ከሥሩ ጻፍኩ፤ በመስክ ደብተር ላይ ስህተት አይፋቅም። ቅጹ ላይ "ባዶ መሬት" ብዬ ፈረምኩ።

አላነበበም እንዳትሉኝ። ያን ዕለት ቦርሳዬ ውስጥ ስለ ፈርዖኖች መቃብር የተጻፈ መጽሐፍ ነበረኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ጉብታውን ተደግፌ ሁለት ምዕራፍ ጨረስኩ።

ከአቶ ማርቆስ ጋር ስድስት ዓመት ሠራሁ። ጉም ሲወርድ ዘንጉ አይታይም። እሳቸው ካሉበት ሆነው "ኦ!" ይላሉ፤ እኔ ወደ ድምፁ እሄዳለሁ። አንድም ቀን አሳስተውኝ አያውቁም። ስለ ጉብታው ዳግም አላነሱም፤ እኔም አልጠየቅኩም። መሞታቸውን የሰማሁት ሚዛን ሆኜ፣ ከተቀበሩ በኋላ ነው። አሁን ጂፒኤስ አለኝ። ቦታውን በትክክል ይነግረኛል፤ "ኦ!" አይልም።

ባለፈው ዓመት ልጃቸው ወይዘሮ አስቴር ቤቴ ድረስ መጣች። ሜዳው ለእርሻ ተሰጥቷል፤ ትራክተሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይገባል። ጉብታውን ለእርሻው ሰዎች ለማሳየት ወጥታ ነበር፤ ሣሩ ውጦት አጣችው። በልጅነቷ አንዴ ነው ያየችው።

"ጋሼ፣ አባቴ 'ለቀያሹ ነግሬዋለሁ፣ ሲጽፍ አይቻለሁ' ይል ነበር። የት ነው የጻፉት?"

ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

"መሬት ቢሮ ስጠይቅ ባዶ የሚል ወረቀት አሳዩኝ። ፊርማው የእርስዎ ነው አሉኝ።"

"የእኔ ነው።"

የድሮ ደብተሮቼን ከካርቶን አወጣሁ። ሰባተኛው ነጥብ አለ፤ ከላዩ የሰረዝኩት የአቶ ማርቆስ ንባብም አለ። የሁለቱ ልዩነት የጉብታው ቁመት ነው። ቁመቱን የለካ ሌላ ሰው የለም፤ እሳቸውም የለኩት አልወጣም በማለታቸው ነው።

በነጋታው ከአስቴር ጋር ወጣን። ደብተሩ ላይ መነሻ ካደረግነው የተሰነጠቀ አለት ጀምረን፣ በተጻፈው አቅጣጫና ርቀት ሜትር እየጎተትን ሄድን። ጉም ወረደ። የሜትሩን ጫፍ ይዛ ከፊቴ ጠፋች። ጥቂት ቆይቶ ሜትሩ ቆመ።

"ኦ!" አለች።

ወደ ድምፁ ሄድኩ። ስደርስ ተንበርክካ ሣር ትነቅላለች። ድንጋዮቹ ክብ ሠርተው፣ አንዱ ከአንዱ ተደግፎ፣ በሰው እጅ እንደተቀመጡ ነበሩ። መቼ፣ በማን እጅ፣ ማንም አያውቅም።

"አሁንም አናቱ ላይ ይወጣሉ?" አለችኝ በሽሙጥ፤ የያኔውን መንገድ ላይ ነግሬያት ነበር።

"እዚሁ ግርጌ እቆማለሁ።"

ቢሮ ያገኘነው ወጣት ባለሙያ ወረቀቱን አገላበጠ። "ጋሼ፣ ባዶ ያሉት ራስዎ ነዎት።"

የተሰረዘውን መስመር አሳየሁት። "ባዶ ሜዳ በሁለት እርምጃ ውስጥ እንዲህ ከፍ ይላል?"

የማረሚያ ቅጽ ሰጠኝ። ባለይዞታ በሚለው ቦታ "ሰው አለ" ብዬ ጻፍኩ።

"እዚህ ጋ ስም ነው የሚሞላው።"

"ስሙን አላውቅም" አልኩት። አስቴር ቀበል አድርጋ፣ "አባቴም አያውቅም" አለች።

ማህተሙን አንሥቶ መታበት። ነገሩ እስኪጣራ ትራክተሩ በታችኛው በኩል እያረሰ ነው። ምን እንደሚወሰን አላውቅም።

ከሥራዬ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ዘንግ ያዡ የተናገረው ይጻፋል። አንተም ባዶ ብለህ የፈረምክበት ቦታ ካለ፣ ደብተርህን አውጣና የሰረዝከውን መስመር አንብብ። ዛሬ አንብበው፤ ትራክተር አይጠብቅህም።