በሞባይል የተገኘ ፈቃድ

የስሜንን ገደል ከላይ አያለሁ ብዬ በትንሽ አውሮፕላን ተሳፈርሁ። ጥቁር መነጽር ያጠለቀው አብራሪ መንገዱን ሁሉ ስለ ራሱ ጉብዝና ሲደሰኩርልኝ ቆይቶ፣ ጎንደር ልንደርስ ስንል ሬዲዮው ዝም አለ። ጎበዙ በቡጢ ቢደልቀው አልነቃ አለ። ሞባይሉን አወጣና በመቆጣጠሪያ ማማ ለሚሠራ ወዳጁ ስፒከር ከፍቶ ደወለ።

«ልናርፍ ነው፤ ማኮብኮቢያው ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው፣ ውረዱ!»

ስንወርድ አንድ ትልቅ አውሮፕላን ሊነሣ ፊት ለፊታችን ይንደረደራል! አብራሪው የእኛን አውሮፕላን ሽቅብ ጎተተው፤ እኔ አላህን ስጣራ ለጥቂት ተላለፍን። ዞረን መሬት እንደረገጥን ወዳጁ መልሶ ደወለ።

«ምነው ቀራችሁ? ሰማይ ሰማይ እያየሁ እኮ ነው።»

«አርፈናል!»

«የት?»

«ጎንደር ነዋ!»

«እኔማ ባሕር ዳር ከተዛወርሁ ሰነበትሁ።»