አንድ ድምፅ ብቻ

ዛሬ አሶሳ ገበያ የቅል መለከት የሚሸጥ ሰው አገኘሁና አንዱን አንስቼ አሸተትኩት። የደረቀው ቅል ሽታ ልጅነቴን ይዞልኝ መጣ።

ያኔ አየርላንዳዊው መምህራችን ሰፈራችን መጥቶ የአገሩን ዜማ በቆርቆሮ ዋሽንት ብቻውን ተጫወተ። አያቴ አዘኑለት። እኛ በርታዎች ዘንድ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ይነፋል፤ ዜማው የሚሞላው ሁሉም በየተራው ሲገባ ነው።

«ዘመድ የለህም እንዴ?» አሉት።

«አሉኝ፤ ግን አየርላንድ ናቸው። ማታ ማታ ቤት ተሰብስበን እንጫወት ነበር።»

አያቴ መለከት ሰጡት። «በል፣ አንተ ይቺን ንፋ፤ ለሌላው እኛ አለን።»

ደጋግሞ ያለ ተራው ገባ፤ ሳቅንበት። በኋላ ልክ በቦታው ሲነፋ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ «ገባሁ! ገባሁ!» እያለ ዘለለ።

መለከቱን ወደ አፌ አስጠግቼ አያቴ ይነፉት የነበረውን ድምፅ ነፋሁ። ሻጩ ቀና ብሎ አየኝና ሌላ አንስቶ ቀጠለበት።