ለሕያው የወረደ ሙሾ

አማቴ ቡሩልቻ ሙሾ አውራጅ ናቸው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሴቶቹ ለለቅሶ በሚተከለው የሱፍ ድንኳን ውስጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቀመጣሉ። ወንዶቹ ውጭ ወገባቸውን ታጥቀው ያለቅሳሉ። ከሴቶቹ መሃል አንዷ ታዲያ የሟችን ኑሮ ከልጅነት ጀምራ በዜማ ታወርዳለች። ከናሪን ወንዝ በላይ ባሉት መንደሮች ያቺ አንዷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አማቴ ነበሩ። ሟች ሰነፍ ከነበረ ሰነፍ ይሉታል፤ በዜማ ስለሚሉት ግን ዘመዱ አይቀየምም፣ እያለቀሰ ራሱን ይነቀንቃል።

እኔ አይዛዳ ነኝ፣ ምራታቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረናል። ደግ ናቸው ብዬ አልዋሽም፤ ቤታቸው ስገባ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ያላለቀስኩበት ሳምንት የለም። አሁን ግን ማንም ክፉ እንዲናገርባቸው አልፈቅድም።

አንዲት ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ የላከላቸው ባሌ ነው፣ ዋና ከተማው ቢሽኬክ ገበያ ውስጥ ይሠራል። ከክብሪት ሳጥን ብዙም አትበልጥም። ሁለት ገመድ የሌላቸው የጆሮ ማዳመጫዎችም አብረዋት መጡ። ባሌ ኮሙዝ የሚባለውን የክራራችንን ጨዋታ ሞልቶባት ስለነበር አማቴ አንዱን ማዳመጫ ከሻሻቸው ሥር ሸጉጠው ባዝራ ያልቡ ጀመር፤ እኛ የፈረስ ወተት እንጠጣለን።

"አፓ፣ ሁለቱንም ያድርጉት እንጂ" አልኳቸው፤ እኛ ዘንድ ትልቅ ሴት ሁሉ አፓ ናት።

"አንዱ ጆሮዬ አንቺን መጠበቂያ ነው" አሉኝ።

ቁልፉን ረዘም አድርገው ሲጫኑት ቀይ መብራት በርቶ እንደምትቀርጽም አሳየኋቸው። አንድ ሳምንት ሙሉ የቀረጹት ላም ስትጮህና እኔ ከጎረቤት ጋር ስጣላ ነበር።

ሙሾ የተከለከለው ዓምና ነው። ኢማማችን ኤርመክ ከተማ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሕመምተኛ ይጠይቃል፣ ስንቱንም ከመጠጥ አላቅቋል። ግን አንድ ዓርብ ተነሳና "በሞተ ሰው ላይ ሴት ድምፅ ካነሳች እዚያ ቤት የጀናዛ ሶላት አልመራም" አለ። ዋይታ ሟችን ያሠቃያል ነው የሚለው። ያለ ሶላት መቀበርን የሚደፍር የለምና መንደሩ ጸጥ አለ። በዓመቱ ውስጥ አራት ሰው ቀበርን። አራት ጊዜ አማቴ ግድግዳ እያዩ ከንፈራቸውን ነክሰው ተቀመጡ። የትራክተር ነጂውን ከቀበርን በኋላ መንገድ ላይ ቆሙና "ዕድሜ ልኩን አርሶልን፣ አርሰህልን ነበር የሚለው ሰው አጣ" አሉኝ። እኔም በጣም ተናደድኩ፤ እንደ እሳቸው መናገር ግን አልችልም።

በጸደይ ባልንጀራቸው ዙራ ታመሙ። ሐኪሞቹ ጉበታቸውን አይተው ወደ ቤት መለሷቸው። ልንጠይቃቸው ስንሄድ ዙራ ተኝተው፣

"ቡሩልቻ፣ ስሞት ምን ትይልኛለሽ?" ብለው ጠየቁ።

"ምንም። ግድግዳ አያለሁ። ክልከላውን አልሰማሽም?"

"እንግዲያው አሁን በይው።"

አማቴ የሻይ ስኒያቸውን አስቀመጡ። "አፍሽን ያዢ። በቁምሽ ልገንዝሽ? ሟርተኛ ልታሰኚኝ?"

"ሐኪሙ አሟርቶብኝ ጨርሷል፤ ላንቺ የተረፈ ሟርት የለም። የአገሩን ሙሾ ሁሉ ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ ኖሬ የራሴ ሳይወርድልኝ አልሄድም። ፈራሽ እንዴ?"

አማቴን ፈራሽ ማለት አይቻልም። "ያቺን ነገር አምጪያት" አሉኝ። ማጫወቻዋን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጬ ቁልፉን ተጫንኩ። እሳቸውም ሞት ቤት እንደተቀመጠ ሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ወንዙ ሞልቶ ሳለ ወንድ ሁሉ ሲፈራ፣
በግራጫ ባዝራ ተሻገረች ዙራ።"

ዙራ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሙሾው ቀድመው የሞቱት ባላቸው ጋ ደርሶ ባልየውን ጎበዝ ገበሬ ሲላቸው ግን ዓይናቸው ተከፈተ። "ውሸታም። ድንች በተነቀለ ቁጥር ወገቡን የሚያመውን ሰው?" አሉ። አማቴ ዜማውን ሳያቋርጡ፣

"ድንች ሲነቀል ወገቡን ሚያመው፣
ባል ተሸክማ ነው ቤት ያቆመችው"

ሲሉ ዙራ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ አለቀሱ። እኔም ሁለቱንም አንድ ላይ አደረግኩ።

ማጫወቻዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዙራ ትራስ አልተለየችም። ሁለት ወር ሙሉ ማዳመጫዎቹን ጆሯቸው ውስጥ አድርገው የራሳቸውን ሙሾ ሲሰሙ ከረሙ። አንድ ቀን ኢማሙ ሊጠይቃቸው ገባና ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቶ ደስ አለው። ቁርኣን የሚሰሙ መስሎታል።

"አላህ ይቀበልዎት" አላቸው።

"አሜን" አሉ ዙራ።

ዙራ የሞቱት ድርቆሽ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ድንኳኑ ተተከለ፣ አሥራ አንድ ሴቶች ወደ ግድግዳው ዞረን ተቀመጥን። ኢማሙ ከደጅ ሆኖ ክልከላውን ደገመልን። አማቴ ከዙራ ትራስ ሥር ያነሷትን ማጫወቻ ደረታቸው ውስጥ ሸጉጠው ነበር። አንዱን ማዳመጫ ከሻሻቸው ሥር አድርገው ሌላውን አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴት አቀበሉ። ሴትዮዋ ሰማች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ለቀጣይዋ አሳለፈች። ሁለቱ ማዳመጫዎች ከሻሽ ሻሽ እየዞሩ፣ ድንኳኑ ውስጥ አንድም ድምፅ ሳይሰማ፣ ሴቱ በየተራው እንባውን አፈሰሰ። የባልየው ስንኝ ጋ የደረሰችው ደግሞ ሳቋን ለመዋጥ ሻሿን ትነክሳለች።

ማዳመጫው የዙራ ልጅ ጉልዛት ጋ ደረሰ። ሁለት ወር የእናቷን ማቃሰት ብቻ ስትሰማ የከረመች ልጅ ናት። እናቷ "ውሸታም" ብለው ሲስቁ በጆሮዋ ስትሰማ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፣ አልቻለችም። "እናቴ" ብላ የለቀቀችው ጩኸት ደጅ የታሰሩትን ፈረሶች አስደነገጠ።

ኢማሙ የድንኳኑን መጋረጃ ገለጠ። "ማነው ያስለቀሳት?"

"እኔ ነኝ" አሉ አማቴ፤ ተነስተው ቆሙ።

"በሞተ ሰው ላይ ድምፅ አይነሳም ብያለሁ፣ አፓ። ሶላቱን ትቼ እሄዳለሁ።"

ዙራ ያለ ሶላት ቢቀበሩ ልጆቻቸው ዕድሜ ልካቸውን አማቴን አይምሯቸውም።

"እኔ መቼ አነሳሁ? አፌ ሲከፈት ያየ አለ?" አሉ አማቴ። ማጫወቻዋን ከደረታቸው አውጥተው አሳዩት። "ይሄን ያወረድኩት ዙራ በሕይወት ሳለች ነው። ሻይዋን እየጠጣች፣ እያረመችኝ። በሕያው ላይ አይወረድም ብለሃል?"

"አላልኩም..."

"ስትሰማውም ደርሰህ አላህ ይቀበልሽ ብለሃታል። እሷም አሜን ብላለች።"

ውጭ ከወንዶቹ መሃል አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። የዙራ ታላቅ ወንድም ዱላቸውን ተደግፈው "ልጄ፣ በቃ ሶላቱን ምራ። እህቴ ፀሐይ ላይ አትቆይብኝ" አሉት። ኤርመክ መጋረጃውን መልሶ ሶላቱን መራ።

ከቀብር መልስ መንገድ ላይ ጠበቀን። "የቀረጹትን ያጥፉት፣ አፓ" አለ።

"አላጠፋም።"

በሚቀጥለው ዓርብ ክልከላውን ለሕያውም አደረገው። የአማቴንም ስም ጠርቶ፣ ያቺን መቅረጫ ካልተዉ ሲሞቱ ሶላታቸውን እንደማይመራ ለመንደሩ ነገረ። ወሬው ሲደርሳቸው ባዝራ እያለቡ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም። "ሶላት የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው እንዴ?" አሉኝ። ወተቱን ግን ከባልዲው ውጭ ሲያልቡት አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ራሳቸው ይመጡ ጀመር። አንዷ ቅቤ፣ አንዷ ስኳር ይዛ ትመጣና በሩን ዘግታ "የእኔንም" ትላለች። እስካሁን ዘጠኝ ሴቶች ሙሿቸውን በቁማቸው ሰምተዋል፤ ዘጠኙም አርመውታል።

ትናንት ከሰዓት አማቴ ማጫወቻዋን ጭኔ ላይ አስቀመጡ። ቀዩ መብራት በርቷል። ሄደው መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱና አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተኙ።

"አሁን የእኔን" አሉ።

"እኔ ሙሾ አላውቅም፣ አፓ። ደግሞ መስኮቱ..."

"ፊትሽን አዙሪ።"

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። የሚመጣልኝ ሌላ ስላልነበረ የወተቱን ቁም ሣጥን ቆልፈውብኝ ቁልፉን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉበትን የመጀመሪያውን ዓመት በዜማ ጀመርኩ። ከኋላዬ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ተቆጡ ብዬ አቆምኩ።

"ትክክል ነው፣ ቆልፌብሻለሁ" አሉ። "ብቻ ጮክ በይ፤ የኢማሙ ቤት ሩቅ ነው።"