ባሕር የተጻፈበት በርና ምሰሶው

አባቴ ቤተ መዘክር ከፈተ፤ ሰዉ ግን አጠና ሊገዛ መጣ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ እንከራከራለን። እኔ የአንተ ነው እለዋለሁ፤ እሱ የጽሑፍ ሠዓሊው ነው ይላል። ሠዓሊው ቆርቆሮው ላይ «የባሕር ቤተ መዘክር» ብሎ እንዲጽፍ ነበር የተነገረው። «ባሕር» የሚለውን ቃል ግን እንዲያ አግዝፎ ጻፈውና ቆርቆሮው አለቀበት። «ቤተ መዘክር» የሚለውን ከታች ጥግ ላይ አጨናንቆ ወሸቀው፤ መነጽር አድርጎ የሚጠጋ ካልሆነ አያየውም። አባዬ ደግሞ ይሄ አንሶ በሩ ላይ አንድ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ግንድ ተከለ። የመርከብ ምሰሶ መሆኑ ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ የማይገነባ ሰው የለም፤ ከላይ «ባሕር» ከሥሩ ግንድ ያየ መንገደኛ ምን ብሎ ያንብብ? ባሕር ዛፍ መሸጫ ነዋ።

የመጀመሪያው ደንበኛ በአይሱዙ መጥቶ በነጠላ ነው በእስር የምትሸጡት ሲል ጠየቀ። አባዬ እንጨት እንደማይሸጥ ነገረውና መግቢያው ነፃ ስለሆነ ግን ይግቡ አለው። ሰውየው ገባ። የአይሱዙ ጭነት የማይፈታ አንድ ቋጠሮ ተምሮ፣ አመስግኖ ሄደ። ማታ አባዬ ዛሬ አንድ ጎብኚ ነበረኝ ብሎ እራቱን በደስታ በላ።

አባዬ በወጣትነቱ ምፅዋ መርከበኛ ነበር። እዚያ ወደቡ ዳር የድሮ የመርከብ ዕቃ የሚታይባት አንዲት ክፍል ነበረች ይላል፤ ያጠፋ መርከበኛ በቅጣት የሚጠርጋት። እሱ ደግሞ ጥፋት አያልቅበትም ነበር። ጓደኞቹ ባሕሩን ሲያውቁ እሱ ሙዚየሙን አወቀ፤ ደወሉን፣ ኮምፓሱን፣ የገመዱን ዓይነት ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። በኋላ ነገር ሁሉ ሲበታተን በእግርም በመኪናም አድርጎ መጣና አቃቂ አንድ ፋብሪካ ገብቶ ጡረታ እስኪወጣ ሠራ። ይዞ የመጣው አንድ ሻንጣ ነው። ልብስ ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ የነሐስ ደወል፣ ነጭ ቆብ፣ ዛጎልና በጠርሙስ የተቋጠረ የባሕር ጨው ነበር። ጓደኞቹም ቤት ሲቀይሩ ወይም ሚስቶቻቸው ሲሰለቻቸው የየራሳቸውን እያመጡ እሱ ላይ ቆለሉት።

እሱ ላይ ማለት እኔ ሳሎን ውስጥ ማለት ነው። እኔ ቃሊቲ ደረቅ ወደብ ውስጥ ሰነድ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ከባሕር በመጣ ዕቃ ስጨቃጨቅ ውዬ ቤቴ ስገባ ሶፋዬ ላይ መልሕቅ ተኝቶ ይጠብቀኛል። ስለዚህ የሕንጻችን ኮሚቴ በጋራ ቤቱ ውስጥ ባዶ የነበረችውን ክፍል ለአባዬ ሲፈቅድለት እልል ያልኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገር፤ ለባሕሩ ሳይሆን ለሶፋዬ ነው።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ግንቦት ሊያልቅ ሲል የእድራችን ሊቀመንበር ሐጂ መጡ። ሐጂ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ከሕንጻችን ሥር ሱቅ አላቸው፤ ክፉ ወሬ መናገር ያሳፍራቸዋል። ስለ ጤናችን ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁ፣ እንደገና ስለ ጤናችን ጠየቁ። ያኔ ነገር እንዳለ ገባኝ። የእድሩ ድንኳን ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ ጀምሮ የሚቀመጠው ከሕንጻዎቹ ጀርባ፣ በድሮው የገበሬዎች መንደር፣ አንዲት እናት ግቢ ውስጥ ባለች የጭቃ ቤት ነው። የዚያች ቤት ምሰሶ በስብሷል፤ ክረምቱን አትሻገርም፤ ድንኳኑ ሳይበሰብስ መነሳት አለበት። ባዶ ክፍል ደግሞ ከአባዬ በቀር የለም። እሁድ ድንኳኑ ይገባል አሉና አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

አባዬ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ደወሉን አውርዶ በጨርቅ መወልወል ጀመረ፤ ሐሙስም ወለወለው፣ ዓርብም ወለወለው። እራት አልበላ አለ። ስለ ሶፋዬ ማሰቤን ትቼ ስለ እሱ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ምፅዋን አንዴ ተነጥቋል፤ አሁን ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ላይ ያላትን ሊነጠቅ ነው። አንጀቴን በላው።

ቅዳሜ ምሳውን ይዤለት ስሄድ አንዲት ዕድሜ የጠገቡ እናት በሩ ላይ ቆመው ምሰሶውን በከዘራቸው ኳ ኳ ያደርጋሉ። ይሄ በስንት ነው አሉኝ። እኔ የሚሸጥ አይደለም ልል አፌን ስከፍት አባዬ ቀደመኝና እንደ ልማዱ እማማ ግቡ፣ አረፍ በሉ አላቸው። ወንበር ሰጥቶ ደወሉን አሳያቸው፣ ዛጎሉን ጆሯቸው ላይ አደረገላቸው። ግድግዳውን ሞልቶ የተለጠፈው የባሕር ፎቶ ፊት ሲደርሱ ግን ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ውሃ የት ሄደ?» አሉት።

አባዬ ለሁሉ ነገር መልስ ያለው ሰው ነው። «እዚያው ነው ያለው እማማ። የሄድነው እኛ ነን» አላቸው።

ሳቅ አሉ። «እኛስ እዚሁ ነን ልጄ። የሄደው መሬቱ ነው።»

ከዚያ በከዘራቸው እየጠቆሙ አስጎበኙን። ያ ፎቅ የቆመበት የጤፍ ማሳቸው ነበር፤ አሁን የተቀመጥንባት ክፍል አውድማቸው ነበረች። የቀራቸው መኖሪያቸውና አንዲት የጭቃ ዕቃ ቤት ናት። እሷ ውስጥ የእድር ድንኳን አለ፤ ሰው ሲሞትም ሲዳርም መጀመሪያ የሚንኳኳው የእሳቸው በር ነው። ድንኳኑን ሊወስድ የመጣ ሁሉ ሳይቀመጥ፣ ወሬ ሳያወራ፣ እህል ሳይቀምስ አይሄድም። ነገ ሊወስዱባቸው ነው። አንድ ደህና ምሰሶ ባገኝ ቤቷ ትቆም ነበር አሉ፤ መንገድ ዳር የሚሸጠው ሁሉ ግን ሳይጠና የተቆረጠ፣ እንደ ሸንኮራ የቀጠነ ነው። ድንኳኑ ከሄደ ማን በሬን ያንኳኳል አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

እኔና አባዬ ተያየን። ሴትየዋ ድንኳኑ የሚገባው እዚችው ክፍል መሆኑን አያውቁም ነበር። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ ምሰሶው አየሁ። አባዬ ሳይ አየኝና ፊቱን አዞረ። አልፈርድበትም። ያንን ግንድ ራሱ መርጦ፣ አንድ በጋ ሙሉ አድርቆ፣ በዘይት አሽቶ ነው የተከለው። ጠዋት ጠዋት ቆቡን ደፍቶ ባንዲራ የሚሰቅለው እሱ ላይ ነው። ሌላው ዕቃ ሁሉ የሌላ መርከብ ትርፍራፊ ነው፤ የእሱ የራሱ ያ ምሰሶ ብቻ ነበር።

ተነስቶ ወጣ። መዳፉን ምሰሶው ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። ሲመለስ ቆቡን አውልቆ ነበር።

«መርከብ ላይም ምሰሶ ነው፣ ቤት ውስጥም ምሰሶ ነው» አለ። «ስሙ አንድ ነው። ይውሰዱት እማማ።»

ሴትየዋ በደንብ ያልሰሙ መስሏቸው ዋጋውን ደግመው ጠየቁት።

ጎረቤት ተጠርቶ ምሰሶው ተነቀለ፤ በጋሪ ተጫነ። ከጋሪው በስተፊትም በስተኋላም ተርፎ መንገዱን ዘጋው፤ እኛም ዙሪያውን ይዘን እንሄዳለን። አንዱ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ዘንድሮ ደመራ ግንቦት ላይ ሆነ እንዴ ሲል ተሳለቀብን። አባዬ ሰላምታ ሰጠው።

ሥራው እኔ እንዳሰብኩት በአንድ ሰዓት አላለቀም። ጣራውን በአጠና ደግፈን የበሰበሰውን ስናወጣ የስንት ዘመን አቧራና የአይጥ ጎጆ አናቴ ላይ ወረደ። አባዬን ቶሎ በል እያልኩ ብጨቀጭቀውም ወይ ፍንክች። የጣራውን ወራጅ ከምሰሶው ጋር በመርከብ ገመድ እያሰረ፣ እየፈታ፣ እንደገና እያሰረ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይለኛል። እማማ ቋጠሮውን ነካክተው ይሄንን ማን ይፈታዋል ብለው ሲጨነቁ በአንድ ጣቱ ጎትቶ ፈታላቸው። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለው እስኪችሉት ድረስ ተማሩ። እኔ አሁንም አልችለውም።

እሁድ ሐጂ ከኮሚቴው ጋር መጡ። ምሰሶውን በእጃቸው ወዘወዙት፣ በትከሻቸው ገፉት፣ ወደ ላይ አንጋጠው ቋጠሮዎቹን አዩ። ይሄ ከቤቷ ይልቅ ዕድሜ አለው፤ ድንኳኑ ባለበት ይቆይ አሉ። የሁላችንም ፊት በራ። ሲመለሱ አባዬን ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ሙዚየሙ ገቡ። ለካ ሐጅ ሲሄዱ ጅዳ ላይ ያንኑ ባሕር ከወዲያኛው ዳር አይተውታል። ሁለቱ ካርታው ላይ ጣታቸውን አድርገው እኔ እዚህ ነበርኩ፣ እኔ እዚህ ሲባባሉ ሱቁ ሳይከፈት ዋለ።

አሁን በሩ ላይ ምሰሶ ስለሌለ አጠና ብሎ የሚመጣ ቀርቷል። አባዬ አንዳንዴ እነዚያን ደንበኞች ይናፍቃል። ቆርቆሮውን ግን አላስተካክልም ብሏል።

ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት በረዶ ቀላቅሎ የጉድ ዝናብ ጣለ። አባዬ ካፖርቱን ደርቦ ውልቅ አለ። ኧረ ሰውዬ ጉንፋን ይዞህ ልታስቸግረኝ ነው እያልኩ ጃንጥላ ይዤ ተከተልኩት። ጭቃ ቤቷ ውስጥ አገኘሁት። የጣራው ቆርቆሮ ከላይ ያስተጋባል፤ በበሩ ሲታይ ከቤቷ እስከ ፎቆቹ ድረስ ያለው ሜዳ በጎርፍ ተሸፍኖ ነጭ ሆኗል። እማማ የታጠፈው ድንኳን ላይ ተቀምጠዋል። አባዬ መሐል ላይ ቆሞ ምሰሶውን ይዟል።

«ይኸው ልጄ» አሉት እማማ፣ «ውሃው ራሱ መጣልህ።»

የአባዬ ዓይን እንባ ሞልቶ ነበር፤ ግን እየሳቀ ነው። እኔም ጃንጥላዬን አጥፌ ድንኳኑ ላይ ከእማማ ጎን ተቀመጥኩ፤ እሱ ዝናቡ እስኪያባራ ምሰሶውን አልለቀቀም።