የላሸቀው ዳዶ

ጋሼ ጊታሩን ከአልጋው ሥር ጎትተው ሲያወጡት አቧራው ሁለታችንንም አስነጠሰን።

"ጣቶቼ ጨርሰው ሳይደርቁ አንድ ቀን ልጫወትበት። እስቲ አሠራልኝ" አሉኝ።

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት ብዙም አይወጡም። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ ዓመት ኳየር መርተዋል። እኔ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ ነኝ። ጋሼ ግን ጊታር ሲያስተምሩኝ ከአንድያ ወንድ ልጃቸው አልለዩኝም። በዚሁ በአሮጌው የኤሌክትሪክ ጊታር፣ እሱ ሰኞና ረቡዕ፣ እኔ ማክሰኞና ሐሙስ እንለማመድ ነበር።

ጊታሩ አንገቱ ጎብጧል። ክሮቹ ከእንጨቱ ርቀው ቆመዋል፤ ተጭኖ ድምፅ ማውጣት ጣት ይቆርጣል። አንገቱ ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን ብረት አለ፤ ጫፉ ላይ ያለውን ዳዶ በብሩጎላ፣ በባለ ስድስት ማዕዘኑ ቁልፍ፣ ሲያጠብቁት አንገቱ ይቃናል። የዚህ ጊታር ዳዶ ግን ላሽቋል። ብሩጎላው ገብቶ እንዲሁ ይዞራል እንጂ አይነክስም።

ያላሸቅሁት እኔ ነኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በእኔ ቀን፣ ብቻዬን ሆኜ ነው። ክሩ ከእንጨቱ ርቆ ጣቴን ሲያስቸግረኝ ጊዜ ብረቱን ማጥበቅ እንደሚያስፈልግ ከሰው ሰምቼ ነበር። ልኩን ቁልፍ ስላጣሁ በትንሹ ቁልፍ ላይ የሲጋራ ወረቀት ጠቅልዬ በኃይል አዞርኩት። ጥርሱ ሲበላ በእጄ ታወቀኝ። የዳዶውን ክዳን መልሼ ገጠምኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሳምንቱ ጋሼ ዳዶው እንደተበላሸ አወቁ። ልጃቸውን ጠርተው ጠየቁት። "አልነካሁትም" አለ። ስለ ጊታሩ ሳይሆን ስለ ውሸቱ ነው ብለው በኳየሩ ሁሉ ፊት በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፉት። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆሜ ነበር። ልጁ በዚያው ሳምንት ወደ አርጆ ከተማ፣ አክስቱ ዘንድ ሄደ። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ የሚገናኙት ለቅሶ ላይ ብቻ ነው።

ጊታሩን ተሸክሜ ከተማው ውስጥ ወዳለ ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው የወፍጮ ዕቃ የሚሠራ፣ ዝምተኛ ሰውዬ ነው። ክዳኑን ፈትቶ በባትሪ አየው።

"ኤኙቱ ከነ በሌሴ? ማነው እንዲህ ያበላሸው?" አለ፣ ኦሮምኛውን በአማርኛ ደግሞ።

"አላውቅም፤ የቆየ ነው" አልኩት። በዚህ ዕድሜዬም አፌ ለውሸት ቀደመኝ።

ክሮቹን አላልቶ ዘይት ጠብ አደረገበትና በማግስቱ እንድመለስ ነገረኝ። ስመለስ መጀመሪያ ከፍ ያለ ብሩጎላ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ አስገባ፤ ተንሸራተተ። እንደገና ሞከረ፤ ቀዳዳው ይባስ ሰፋ። "ብረቱ ውስጥ ከተሰበረ ጊታሩ እንጨት ብቻ ነው፤ ልቀጥል?" ሲል ጠየቀኝ። ቀጥል አልኩት። ጠንካራ ብረት ወስዶ ጫፉን አራት ማዕዘን እያደረገ፣ ወደ ታች እያቀጠነ ሞረደው። በቀስታ መታና በቁልፍ ይዞ ወደ ግራ ገፋው። ጊታሩ ጧ አለ። ብረቱ አልተሰበረም፤ ዳዶው ነበር የተላቀቀው። በጣቱ አዙሮ አወጣውና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ከነሐስ አዲስ አወጣለት። አንገቱም በሦስት ቀን ቀስ በቀስ ተቃና።

ወስጄ ስሰጣቸው ጋሼ ጊታሩን ጭናቸው ላይ አድርገው አንድ የድሮ መዝሙር ጀመሩ። ጣታቸው ይዘገያል፤ ድምፁ ግን ንጹሕ ነበር። መሀል ላይ አቆሙ።

"ያ ልጅ ባያበላሸው ኖሮ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን..." አሉ።

"ጋሼ፣ እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።"

ቀና ብለው አዩኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጊታሩን ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

"ስገርፈው እዚያው ነበርክ?"

"ነበርኩ።"

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ብሰደብ ይሻለኝ ነበር። "ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ሂድና ለእሱ ንገረው" ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ቅዳሜ አርጆ ወረድኩ። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት ሚኒባሱ ሁለቴ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ገፋነው። ልጃቸው የእህል መጋዘን ኃላፊ ሆኗል፤ ፀጉሩ ሸብቷል። በኬሻዎቹ መካከል ቆሞ እስክጨርስ ሰማኝ።

"አዲስ ነገር አልነገርከኝም" አለ። "ከእኔና ከአንተ ሌላ የሚነካው አልነበረም። እኔ እንዳልሆንኩ ደግሞ አውቃለሁ።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርክም?"

"ተናገርኩ እንጂ! 'አልነካሁትም' አልኩ። የገዛ አባቴ አላመነኝም። አንተን ማ ይጠረጥራል? አንተ ጨዋው ልጅ ነበርክ።"

ይቅርታ ጠየቅሁት። ይቅር ብያለሁ አላለም፣ እንቢም አላለም። "ያንተስ ይሁን። የአባቴን ነገር ግን አንተ አትጨርሰውም። ይቅርታ ካለው እሱ ራሱ ይምጣ" አለኝና ወደ ሚዛኑ ተመለሰ።

ለጋሼ ይህንኑ አደረስኩ። "በስልክ የሚባል አይደለም፤ መንገዱ ሲደርቅ እሄዳለሁ" አሉ። መንገዱ ደረቀ፤ ጉልበታቸው ግን ከዳቸው። ኮንትራት መኪና ልያዝልዎ ብላቸው "ትንሽ ልበርታ" ይላሉ። አርጆ ለልጃቸው ስደውል "አሞታል" እለዋለሁ፤ "እግዜር ይማረው" ይልና ስልኩን ይዘጋል።

እሑድ እሑድ አሁንም እጠይቃቸዋለሁ። በር ይከፍቱልኛል፤ ስለ አየሩና ስለ መድኃኒታቸው እናወራለን። ጊታሩን ከዚያ ቀን ወዲህ ሲነኩት አላየሁም። እኔም ይጫወቱ ብዬ አላውቅም።