ጨርቅ በጆሮዋ የምትገዛው ካውያ

ሰፈሩ ሁሉ ካውያ ነው የሚላት። ሐሜት አይሁንና፣ ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ስትዘፈዝፍ፣ ስትጨምቅ፣ ስትተኩስ ኖራለች። ጡረታ ስትወጣ የግድግዳ ሰዓት ሸለሟት፤ በወሩ ቆመ። ጣቶቿ ግን ከሰዓቱ በፊት ነው የቆሙት። ፍል ውሃና በረኪና ጫፍ ጫፉን በልቶት፣ መርፌ ቢወጋት እንኳ ደሙን አይታ ነው የምታውቀው።

ከጡረታ ወዲህ ስፌት ጀምራለችና፣ ይሄን ለልጇም አልነገረች። ጣቷ የማይሰማት ሴት ልብስ ልስፋላችሁ ብትል ማን ያምናታል?

ጨርቅ መሸጫ ስትሄድ ሴቱ ሁሉ ብትኑን በሁለት ጣቱ እያሸ ይሄ ይሞቃል፣ ያኛው ይኮሰኩሳል ሲል፣ እሷም አብራ እያሸች ጎኗ ያለችው ያለችውን ትደግማለች። አንዴማ ብቻዋን ሄዳ የፍራሽ ሸራ አሽታ «አቤት ሲለሰልስ» ብላ፣ ሻጩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እግሯ እዚያ አልደረሰም።

ልጇ ጨርቅ በስልክ መግዛት ስታሳያት ታዲያ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እዚያ ማንም አይነካ፣ ማንም አያሽ፤ አገር ምድሩ እንደሷ ነው። ዘዴም አበጀች። ሻጯን በቮይስ «የኔ ልጅ፣ እስቲ ስልኩ ሥር ጨምድጂውና አሰሚኝ» ትላታለች። ናይለን ይንኮሻኮሻል፤ ጥጥ ግን ጭምት ነው፣ ድምፁን አያሰማም። ሻጯ መጀመሪያ ያበደች መስሏት ነበር፤ ኋላማ ሳትጠየቅ «እናቴ፣ ይሄንን ይስሙልኝማ» እያለች መላክ ጀመረች። ዕቃው ሲደርስ ደግሞ ካውያ በሯን ዘግታ ጨርቁን በላይኛው ከንፈሯ ታሸዋለች። ከንፈሯን በረኪና አላገኘውማ።

እንዲህ እንዲህ እያለች ሳለ ልጇ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ሱቅ የተገዛ ልብስ ባለበሷት ቁጥር ገላዋ ቲማቲም ይመስላል። ካውያ እኔ እሰፋለሁ አለች። የልጇ አማት ግን ምላሷ መላጫ ነው፤ ሳይነካ በተገዛ ጨርቅ የልጄ ልጅ መሞከሪያ አትሆንም ብላ ቤቱን አመሰችው። ልጇ በሁለቱ መሀል ተጨንቃ፣ እስቲ ተሰፍቶ ይታይ አለች።

ካውያ ስድስት ትንንሽ ሸሚዝ ሰፍታ በጨርቅ ቋጥራ አመጣች። አማትየዋ አንዱን አነሳች፣ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች፣ አሸት አሸት አደረገችው።

«ይኮሰኩሳል» አለች።

ካውያም ጣቷን ላከች። ጣቷ ወሬ ሳያመጣ ተመለሰ። ልጇ አፍ አፏን ታያለች። አይኮሰኩስም ብትል በምን አውቃ? ይኮሰኩሳል ብትል ስድስቱም ወደ ቋጠሮ ሊመለሱ ነው፣ ሁለተኛም ስፊ የሚላት የለም። ሸሚዙን አንስታ በሰው ፊት ከንፈሯ ላይ ጎተተችው።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጣቴ ከሞተ ቆይቷል ልጄ። ከንፈሬ ግን አለ። ጨርቁ ለስላሳ ነው።»

 አማትየዋ አሁን ልትጨርሳት ነው ሲባል፣ ሸሚዙን ከእጇ ተቀብላ እሷም ውስጡን ከንፈሯ ላይ አስኬደችው። ሄዳ ሄዳ የሸሚዙ ጎን ላይ ቆመች።

«ጨርቁስ እውነትዎን ነው፣ እንደ ቅቤ ነው» አለች። «የሚኮሰኩሰው ስፌቱ ነው። በውስጥ በኩል ጠርዙን ይዩት።»

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ጠርዙ ወፍሮ፣ የክሩ ቋጠሮ ፈጦ ቁጭ ብሏል። የሚሰማ ጣት ቢሆን ገና ስፌት መኪናው ላይ ያገኘው ነበር። ካውያ ሸሚዞቹን እያጠፈች ወደ ቋጠሮው መመለስ ጀመረች።

«የት ሊወስዱት ነው?» አለች አማትየዋ። አንዱን ቀማቻትና ገለበጠችው፤ ስፌቱን በውጭ አድርጋ ሕፃኗን አለበሰቻት። ሕፃኗ እንቅልፏን ለጠጠች። ሲያወልቁላት ገላዋ ላይ አንዲት ነጥብ አልወጣም።

አሁን ካውያ ስትሰፋ አማትየዋ ጎኗ ተቀምጣ የክሩን ቋጠሮ በጣቷ ትለቅማለች፤ የሻጯ ቮይስ ሲመጣም ሁለቱ አንድ ስልክ ላይ ጆሯቸውን ይደቅናሉ። በቀደም ሕፃኗን አዝለው ሲሄዱ አንዷ ጎረቤት መንገድ ላይ አስቁማቸው፣ ኧረ የልጅቷ ልብስ ተገልብጧል አለች። አማትየዋ ዓይኗን በጨው አጥባ «ሞዱ ነው» አለቻት። «በኦንላይን ነው የሚመጣው።»

በሳምንቱ ያቺ ጎረቤት የራሷን ልጅ ሹራብ ገልብጣ አልብሳ ወጣች።